የድንች ታሪክና የሥሩ ነገር



ድንች በየገበያው ተቆልሎ ሲታይ እንደ ገብስና እንደ ባቄላ ከጥንት ከእኛ ጋር የኖረ ተክል ይመስላል። ነገር ግን ወደ አገራችን የገባው በ1851 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ ያመጣውም ዊልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው። ይህ ሰው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በመቅደላ ከታገዱት አውሮፓውያን አንዱ ነበረ፤ ነጻ የወጣውም አምባው በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በተያዘ ጊዜ ነው። መቅደላ ከአጅባር ሩቅ አይደለም።

ሕዝቡ ግን እንግዳውን ተክል ቶሎ አልተቀበለውም። እርሻው እየሰፋ የሄደው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው ክፉ ቀን ካስጨነቀው በኋላ ነው። ስለዚህ ድንችን ከማሳችን ያስገባው ከሁሉ ይልቅ ረኀብ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ተክሉ ጠባይ እንመለስ። የምንበላው ድንች ሥር ይመስለን ይሆናል፤ እርሱ ግን ከአፈር በታች የሚሄድ የግንድ ቅርንጫፍ ጫፉ አብጦ የሚሆነው ነው። ምስክሮቹም ቡቃያ የሚወጣባቸው ዐይኖቹ ናቸው። እውነተኛው ሥር እንደ ክር የቀጠነ ሲሆን፥ አብዛኛው በአፈሩ የላይኛው ክፍል ይቀራል። አፈሩ ከላይ ሲደርቅ ሥሩ ከታች ያለውን ርጥበት ስለማያገኝ፥ ድንች ከብዙ አዝርዕት ይልቅ በድርቅ ይጎዳል። ከአጅባር እስከ መካነ ሰላም ባለው ደጋ የበልግ ዝናም የዘገየ እንደ ሆነ የሚደርሰውን ጉዳት ገበሬው ያውቀዋል።

ድንችን የማሻሻል ምርምር በሆለታ የተጀመረው በ1967 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያም ጃለኔ፥ ጉደኔና በለጠ የተባሉት ዝርያዎች ወጡ። የተመረጡትም ይበልጡን በምርታቸው ብዛትና ቅጠል የሚያቃጥለውን በሽታ በመቋቋማቸው ነው። ሥር ግን ከመሬት በታች ተሰውሮ ስለሚኖር ለመለካት አድካሚ ነው። በ2005 ዓ.ም. ገደማ በስኮትላንድ የሚገኘው የጀምስ ሃተን ተቋም ሊቃውንት ዝርያዎች በሥራቸው ብዛትና ርዝመት እንደሚለያዩ፥ ደግሞም በመስተዋት ቤት ገና በቡቃያነቱ የተለካው ሥር በማሳ ላይ ከሚታየው ጋር እንደሚዛመድ አስታወቁ። እንዲህ ከሆነ የአዝመራው ጊዜ ሳይደርስ ደካማውን ከብርቱው መለየት ይቻላል።

እንግዲህ የእርሻ ጉዳይ በጽሕፈት ጠረጴዛችሁ ላይ በቀረበላችሁ ጊዜ፥ ይህ ዝርያ ስንት ኩንታል ሰጠ ብላችሁ ስትጠይቁ፥ ዝናም በጠፋበት ዓመት ሥሩ ምን ያህል ጠለቀ ብላችሁም ጨምራችሁ ጠይቁ። የአጅባር ገበሬ የሚጠይቀው ይህን ነውና።