«ትራንስፎርመርስ» እና የሁለት ዲስኮች ፉክክር

«ትራንስፎርመርስ» የተሰኘው ፊልም ሲኒማ ቤት ከገባ ከሦስት ወር ተኩል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 2007፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 5 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ለቤት ዕይታ ለገበያ ቀረበ። የወጣው በሁለት ዓይነት ዲስክ ነበር። አንዱ በየቤቱ የተለመደው ዲቪዲ ነው። ሌላው ኤችዲ ዲቪዲ የተባለው፣ በምስል ጥራቱ ከዲቪዲ እጅግ የሚልቀው አዲስ ዲስክ ነው። የኤችዲ ዲቪዲ ተቀናቃኝ የነበረው ብሉ ሬይ ግን ፊልሙን አላገኘም። ከአራት ወር በኋላ አሸናፊና ተሸናፊ ተለየ፤ የወቅቱን ተወዳጅ ፊልም ይዞ የነበረው ኤችዲ ዲቪዲ ከገበያ ወጣ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሮቦቶቹ የተወለዱት ጃፓን ውስጥ፣ መጫወቻ ሆነው ነው። ታካራ የተባለው ኩባንያ በ1980 «ዳያክሎን»፣ በ1983 ደግሞ «ማይክሮ ቼንጅ» የተባሉ የመጫወቻ ዓይነቶችን አወጣ። በመጀመሪያው ሥር ከወጡት መካከል ከመኪናነት ወደ ሮቦትነት የሚለወጡና ትንሽ ሾፌር የሚቀመጥባቸው ማሽኖች ነበሩ። በሁለተኛው ሥር የወጡት ደግሞ ሽጉጥ፣ ካሴት፣ ቴፕ መሰል የቤት ዕቃ ሆነው ሲዘረጉ ሮቦት የሚወጣቸው ናቸው። የአሜሪካው ሃዝብሮ የሁለቱንም መብት አግኝቶ በ1984 «ትራንስፎርመርስ» በሚል አንድ ስም ለአሜሪካ ልጆች አቀረባቸው። ጃፓን ውስጥ እነዚህ ማሽኖች ሰው የሚነዳቸው ብረቶች እንጂ ነፍስ ያላቸው ፍጡራን አልነበሩም። ከሌላ ፕላኔት የመጡ፣ የሚያስቡና የሚናገሩ ተዋጊዎች ያደረጋቸው የአሜሪካው የኮሚክ መጽሐፍ አሳታሚ ማርቭል ነው። የማርቭል ዋና አዘጋጅ ጂም ሹተር የታሪኩን መነሻ ጻፈ። ባልደረባው ዴኒስ ኦኒል የመልካሞቹን መሪ ኦፕቲመስ ፕራይም አለው። ቦብ ቡዲያንስኪ ደግሞ የክፉዎቹን መሪ ሜጋትሮንን ጨምሮ ለአብዛኞቹ ስም አወጣ፤ የእያንዳንዳቸውንም ጠባይ ጻፈ። መጫወቻው ለዓመታት ሳይረሳ የቆየው በፕላስቲኩ ጥራት ሳይሆን በዚህ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የካርቱን ተከታታዩ በቴሌቪዥን ጀመረ፤ የኦፕቲመስ ፕራይም ድምፅም የፒተር ከለን ነበር።

1984 ለቤት ዕይታ ታሪክም ትልቅ ዓመት ነው። ጃንዋሪ ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሰው የቴሌቪዥን ዝግጅት በቤቱ ቀድቶ በኋላ ቢያይ የቅጂ መብት አልጣሰም ሲል በአምስት ለአራት ድምፅ ፈረደ። ከሳሾቹ ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ ሲሆኑ ተከሳሹ የቤታማክስ ሠሪ ሶኒ ነበር። ሶኒ በፍርድ ቤት ቢረታም በገበያ ተረታ፤ ቤታማክስ በጄቪሲው ቪኤችኤስ ካሴት ተበለጠ። ስቱዲዮዎቹ ግን እንደዚያ የፈሩት ማሽን ዋና የገቢ ምንጫቸው ሆነላቸው። ከዚያ በኋላ በሲኒማ ቤት ያልቀናው ፊልም በካሴት ሁለተኛ ዕድል ያገኝ ጀመር።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ1986 የወጣው የትራንስፎርመርስ የካርቱን ፊልም ነው። ኦርሰን ዌልስ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ድምፁን የሰጠበት ይህ ፊልም በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገባው ስድስት ሚሊዮን ዶላር እንኳ አይሞላም። ሃዝብሮ ለአዳዲስ መጫወቻዎች ቦታ ለመልቀቅ ሲል ኦፕቲመስ ፕራይም በፊልሙ እንዲሞት አደረገ፤ ልጆች አዳራሽ ውስጥ አለቀሱ፤ ወላጆች ተቆጡ። በተከታታዩ ውስጥ ገፀ ባሕርዩን ከሞት ማስነሳት ግድ ሆነ። ይሁን እንጂ ካሴቱ በየቤቱ ተደጋግሞ ታየ። እነዚያ ልጆች ሃያ ዓመት ቆይተው ለአዲሱ ፊልም ትኬት የሚቆርጡ፣ ዲስክም የሚገዙ አዋቂዎች ሆኑ።

ሕያው ተዋንያን የሚጫወቱበት ፊልም በጁላይ 2007 ሲወጣ ዳይሬክተሩ ማይክል ቤይ፣ ከዋና ፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ስቲቨን ስፒልበርግ ነበር። 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ 700 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገባ። ሮቦቶቹን በኮምፒዩተር የሠራው ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ ሲሆን ሥራውን የመራው ስኮት ፋራር ነው። ባለሙያዎቹ ትልቅ ጥንቃቄ ያደረጉት መኪናው ሲለወጥ ብረቱ ከየትም የመጣ እንዳይመስል ነው። ኦፕቲመስ ፕራይም በድሮው ካርቱን አፍንጫ የሌለው ጠፍጣፋ የጭነት መኪና ነበር። በፊልሙ ግን አፍንጫው ረጅም የሆነ ፒተርቢልት 379 ተደረገ፤ ትልቅ መኪና ለትልቅ ሮቦት የሚበቃ ብረት ይሰጣልና። እንዲህ ሲሆን ቁመቱ ስምንት ሜትር ተኩል ገደማ ደረሰ። አካሉ ከ10,108 ቁርጥራጮች የተገጣጠመ ነው፤ ጎማው፣ የበሩ መስታወት፣ የሞተሩ ክዳን ሲለወጥ የት እንደሚገባ ዓይን ሊከተለው ይችላል። አንዷን ምስል ብቻ ኮምፒዩተር ሠርቶ ለማውጣት እስከ 38 ሰዓት ይፈጅ እንደነበር ተዘግቧል፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚያልፉት ምስሎች ደግሞ 24 ናቸው።

ፊልሙ ለሦስት ኦስካሮች ታጭቶ አንዱንም አላገኘም። በድምፅ ቅንብር ከታጩት መካከል ለነበረው ለኬቨን ኦኮኔል ይህ ሃያኛ ዕጩነቱ ነበር፤ የተሸለመው ከዓመታት በኋላ በሌላ ፊልም ነው። የምስል ሥራውን ሽልማት «ዘ ጎልደን ኮምፓስ» ወሰደ። የዚህኛው ውጤት አከራካሪ ነው፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ብዙዎች አርዓያ ያደረጉት የትራንስፎርመርስን ሥራ ነውና።

እንዲህ ያለ ፊልም ወደ ቤት ሲመጣ ዲስኩ ምን ያህል ዝርዝር ይይዛል የሚለው ጥያቄ ወሳኝ ይሆናል። በአሜሪካ በ1997 ገበያ ላይ የዋለው ዲቪዲ አንዱን ምስል በአግድም 720፣ በቁመት 480 ነጥቦች ያሳያል። አዲሶቹ ዲስኮች 1920 በ1080 ነጥብ ይዘው መጡ፤ ይህ ከዲቪዲው ልክ ስድስት እጥፍ ነው። ካሜራው ወደ ኦፕቲመስ ፊት ሲጠጋ በዲቪዲ አንድ ግራጫ ጥላ የሚመስለው ነገር፣ በአዲሶቹ ዲስኮች የተላላጠ ቀለም፣ ብሎንና ጭረት ሆኖ ይታያል።

ሁለቱም አዳዲስ ዲስኮች የሚነበቡት 405 ናኖሜትር በሆነ ሰማያዊ-ሐምራዊ ሌዘር ነው፤ የዲቪዲው ቀይ ሌዘር 650 ናኖሜትር ነበር። ሞገዱ ሲያጥር ሌዘሩ ያነሰ ነጥብ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ዲስኩም ብዙ መረጃ ይይዛል። ልዩነታቸው መረጃው ከዲስኩ ገጽ ምን ያህል ጠልቆ ይቀመጥ በሚለው ላይ ነው። ኤችዲ ዲቪዲ እንደ ዲቪዲው መረጃውን 0.6 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ ተወው። ስለዚህ የነበሩትን የዲቪዲ ፋብሪካዎች ብዙ ሳይቀይሩ ማተም ተቻለ፤ ዋጋውም ረከሰ። ብሉ ሬይ ወደ ገጹ አቅርቦ 0.1 ሚሊሜትር ላይ አደረገው። ለዚህ አዲስ ማተሚያና ጭረት የሚቋቋም ልባስ ያስፈልጋል፤ ትርፉ ግን ትልቅ ነው። ባለ ሁለት ንብርብር ብሉ ሬይ 50 ጊጋባይት ሲይዝ አቻው ኤችዲ ዲቪዲ የሚይዘው 30 ነው።

በኤችዲ ዲቪዲ ጎራ ቶሺባ፣ ኤንኢሲ፣ ማይክሮሶፍትና ኢንቴል ተሰለፉ። በብሉ ሬይ በኩል ሶኒ፣ ማትሱሺታ፣ ፊሊፕስና ሳምሰንግ ነበሩ። የቤታማክስ ቁስል ያልሻረለት ሶኒ በኖቬምበር 2006 የወጣውን ፕሌይስቴሽን 3 ከነብሉ ሬይ ማጫወቻው ሸጠ፤ የጌም መሣሪያውን የገዛ ሁሉ ሳያስበው የብሉ ሬይ ባለቤት ሆነ። ቶሺባ ይህ መንገድ አልነበረውም። ከስቱዲዮዎች ሶኒ ፒክቸርስ፣ ዲዝኒና ፎክስ ለብሉ ሬይ ወገኑ፤ ዩኒቨርሳል ለኤችዲ ዲቪዲ። ዋርነርና ፓራማውንት በሁለቱም ያትሙ ነበር።

በኦገስት 2007 የ«ትራንስፎርመርስ» ስቱዲዮዎች ፓራማውንትና ድሪምወርክስ ከዚያ በኋላ ለኤችዲ ዲቪዲ ብቻ እንደሚያትሙ አስታወቁ። ለዚህ ውሳኔ በገንዘብና በማስተዋወቂያ መልክ 150 ሚሊዮን ዶላር የሚያህል ማበረታቻ እንደተሰጣቸው በጊዜው ተዘግቧል። ስፒልበርግ ራሱ ያዘጋጃቸው ፊልሞች ከስምምነቱ ውጭ ሆኑ። «ትራንስፎርመርስ» ግን በፕሮዲውሰርነት የተሳተፈበት እንጂ ያዘጋጀው ስላልነበር ነፃ አልወጣም። ማይክል ቤይ ፊልሙ በብሉ ሬይ እንዲወጣ ይፈልግ ነበር፤ ተቆጥቶ ሁለተኛውን ክፍል አልሠራም እስከማለት ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ቃሉን አለዘበ፤ ሁለተኛው ክፍልም በእሱ አዘጋጅነት በ2009 ወጣ። ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበትን ፊልም የሠራ ዳይሬክተር ሥራው በምን ዲስክ እንደሚታይ የመወሰን ሥልጣን የሌለው መሆኑ ከዚህ ታሪክ የሚገኝ ቁም ነገር ነው።

ዲስኩ ሲወጣ ሽያጩ ከፍተኛ ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት በሰሜን አሜሪካ 8.3 ሚሊዮን ዲቪዲ ተሸጠ፤ የዓመቱ ፈጣን ሽያጭም እሱ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ 13.74 ሚሊዮን ደርሶ የ2007 ቀዳሚ ዲቪዲ ሆነ። የኤችዲ ዲቪዲው የመጀመሪያ ሳምንት ሽያጭ 190,000 ነበር። ይህ ለዲስኩ ዓይነት ታይቶ የማይታወቅ ቁጥር ቢሆንም ከአርባ በላይ ዲቪዲ ለአንድ ኤችዲ ዲቪዲ ማለት ነው። ያ ሁሉ የብረት ዝርዝር ወደ አብዛኛው ቤት የገባው ዝርዝሩን ማሳየት በማይችለው ዲስክ ነበር። ኤችዲ ዲቪዲውም የራሱ ጉድለት ነበረበት። ብዙ ድካም የፈሰሰበት የድምፅ ቅንብር፣ 30 ጊጋባይቱ ስላልበቃ፣ ጥራቱ ሳይቀነስ ሊሰፍር አልቻለም።

ቶሺባ የማጫወቻ ዋጋ ሰበረ። በኖቬምበር 2007 መጀመሪያ ዋልማርት አንዱን ሞዴል ከመቶ ዶላር ባነሰ ዋጋ ሸጠ። ነገሩን የቆረጠው ግን ርካሽ ማጫወቻም ሆነ ተወዳጅ ፊልም አልነበረም። ጃንዋሪ 4 ቀን 2008 ዋርነር ከዚያ ወዲያ ለብሉ ሬይ ብቻ እንደሚያትም ተናገረ። የኤችዲ ዲቪዲ ወገን በላስ ቬጋስ የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት ላይ ሊሰጥ ያሰበውን መግለጫ ሰረዘ። በፌብሩዋሪ ኔትፍሊክስና ዋልማርት ተከታትለው ፊታቸውን አዞሩ፤ በፌብሩዋሪ 19 ቶሺባ ማምረት ማቆሙን አስታወቀ። የአንድ ፊልም ሽያጭ የቱንም ያህል ቢያምር፣ መደርደሪያውን የያዙት ሻጮችና የቀሩትን ፊልሞች የያዙት ስቱዲዮዎች ከሸሹ ዲስኩን ሊያድነው አይችልም።

ፓራማውንት ወዲያው ወደ ብሉ ሬይ ተመለሰ። «ትራንስፎርመርስ» በሴፕቴምበር 2 ቀን 2008 በሁለት ብሉ ሬይ ዲስኮች ታተመ፤ በኤችዲ ዲቪዲው ላይ ያልሰፈረው ሙሉ ጥራት ያለው ድምፅም ተካተተበት። በመጀመሪያው ሳምንት ከብሉ ሬይ ፊልሞች ሁሉ በሽያጭ ቀዳሚ ሆነ።

የተጎዳው ቀድሞ የገዛው ደንበኛ ነው። ቤስት ባይ የኤችዲ ዲቪዲ ማጫወቻ ከሱ ለገዙ የ50 ዶላር የስጦታ ካርድ ሰጠ። ዋርነር በ2009 የራሱን ኤችዲ ዲቪዲዎች በአምስት ዶላር ገደማ በብሉ ሬይ ለወጠ። ልውውጡ የዋርነርን ፊልሞች ብቻ የሚመለከት ስለነበር የትራንስፎርመርስ ገዢዎች አልተጠቀሙበትም። ቶሺባ ራሱ በዚያው ዓመት የብሉ ሬይን ማኅበር ተቀላቅሎ የብሉ ሬይ ማጫወቻ ሠሪ ሆነ። በ2017 መጨረሻ ፊልሙ ከዲቪዲው 24 እጥፍ ነጥብ በሚይዘው አልትራ ኤችዲ ዲስክ እንደገና ታተመ፤ ይህም ዲስክ የብሉ ሬይ ቀጣይ ትውልድ ነው።