ሚያዝያ 27 እና የአርሶ አደሩ ድርሻ

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን የሚከበረው የአርበኞች የድል በዓል ከኢትዮጵያ ብሔራዊ በዓላት አንዱ ነው። ዕለቱ ሁለት ታሪክ ይዟል። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ወደ ከተማዋ የገቡትም ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም ነው።

ወራሪው ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም መረብን ተሻግሮ በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን ታግዞ ገሰገሰ። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ከተደረገው ውጊያ በኋላ መደበኛው ሠራዊት ቢበተንም ትግሉ አላበቃም። በሸዋ ራስ አበበ አረጋይ፣ በጎጃም ደጃዝማች በላይ ዘለቀ፣ በደቡብ ምዕራብ ደጃዝማች ገረሱ ዱኪ ጠላትን እረፍት ነሱት።

ወራሪው የመጣው ለሥልጣን ብቻ ሳይሆን ለመሬትም ነበር። በሆለታና በቢሾፍቱ ለኢጣሊያ የቀድሞ ወታደሮች እርሻ ተከፈተ። ወገራ፣ ጨርጨርና ጅማም ለኢጣሊያ ገበሬዎች መስፈሪያ ተመርጠው ነበር። ሆኖም አርበኞች ገጠሩን ሰላም ስለነሱት ዕቅዱ አልሠመረም። ኢትዮጵያን የእህል ጎተራው ሊያደርግ ያሰበው ጠላት ከውጭ እህል ማስገባት ግድ ሆነበት።

አብዛኛው አርበኛ ሞፈርና ቀንበሩን ሰቅሎ የዘመተ ገበሬ ነበር። ክረምት ሲገባ የጠላት መኪና በጭቃ ስለሚያዝና አውሮፕላኑም በደመና ስለሚቸገር፣ ወቅቱ ለአርበኛው ይመቸው ነበር። በጎጃም ታላቁ አመፅ የተቀጣጠለው በ1929 ዓ.ም ክረምት መገባደጃ ላይ ነው። በሶውን፣ ቆሎውንና ዳቦ ቆሎውን አዘጋጅተው ለአርበኛው ያደረሱት እናቶች ናቸው። እንደ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች ደግሞ በጠላት መሀል ሆነው መረጃና ስንቅ ያቀብሉ ነበር።

ዋጋው ከባድ ነበር። የገበሬው ጎተራ አርበኛውን ይቀልባል፤ ጠላት ይህን ሲደርስበት ቤቱን ያቃጥላል፣ ከብቱን ይነዳል። ነፃነት ከተመለሰ በኋላም በተለይ በደቡብ ብዙው አራሽ ጭሰኛ ሆኖ ቆየ። የጭሰኝነት ሥርዓት በሕግ የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አገሩን ነፃ ያወጣ ገበሬ ከጭሰኝነት ነፃ ለመውጣት ከ30 ዓመት በላይ ጠብቋል።

በዓሉ በአዲስ አበባ አራት ኪሎ በሚገኘው የድል ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን በማኖር ይከበራል። አርበኞች ጎፈር ደፍተው፣ ኒሻናቸውን ደርድረውና ጋሻቸውን አንግበው ይሰለፋሉ፤ ፉከራና ሽለላ ይሰማል። በደርግ ዘመን የድል ቀን ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ ነበር፤ ይህም በ1933 ዓ.ም አዲስ አበባ ከኢጣሊያ እጅ የወጣችበት ዕለት ነው። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመልሷል።

የጦር መሪዎቹ ስም በሐውልትና በመጽሐፍ ሰፍሯል። ስንቅ ያቀበለው፣ ቁስለኛ የደበቀውና ጎተራው የተቃጠለበት ገበሬ ግን በአብዛኛው ስሙ አልተጻፈም። ዘመኑን በዓይናቸው ያዩት አዛውንት ቁጥር ከዓመት ዓመት እየተመናመነ ነው። ከአባቶቻቸው የሰሙት ግን በየቀበሌው አሉ። መሠረታዊ ማኅበራትና የወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤቶች ተባብረው ይህን ቃል በመዝገብ ቢያሰፍሩ፣ የሚቀጥለው ትውልድ የሚያርሰው መሬት በማን ስንቅ ጭምር እንደተጠበቀ ያውቃል።