ለቅሶ የተነፈገ ሐዘን

አሜሪካዊው የሐዘን ተመራማሪ ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 ባዘጋጀው መጽሐፍ ያስተዋወቀው «ዲስኤንፍራንቻይዝድ ግሪፍ» ቃል በቃል ቢመለስ «መብቱን የተነፈገ ሐዘን» ይሆናል፤ ይህ ግን የፍርድ ቤት አቤቱታ ይመስላል። «ለቅሶ የተነፈገ ሐዘን» ብንለው ይሻላል። አማርኛ ሐዘንንና ለቅሶን ይለያልና። ሐዘን በልብ ያድራል፤ ለቅሶ ግን ድንኳን ይተከልለታል፣ ዕድርተኛ ይሰበሰብለታል፣ ጎረቤት ይደርሰዋል። ዶካ የሚናገርለት ሰው የመጀመሪያው አለው፣ ሁለተኛውን ያጣል፤ ከሟች ጋር የነበረው ቅርበት አይቆጠርለትም፣ ወይም ያጣው ነገር እንደ እጦት አይታይለትም፣ ወይም እሱ ራሱ ማዘን የሚችል ለሰዎች አይመስላቸውም። «ድብቅ ሐዘን» አያጥርም ወይ የሚል ይኖራል። ያጥራል፤ ነገር ግን መደበቅ የሐዘንተኛው ሥራ ነው፣ «የተነፈገ» ስንል ነፋጊ እንዳለም እንናገራለን።

እ.ኤ.አ. በ2003 ብሮድዌይ ላይ የተከፈተው «ዊክድ» ሙዚቃዊ ቴአትር መክፈቻ ዘፈን ይህንኑ ያሳያል። የስቲቨን ሽዋርትዝ ዘፈን በርእሱ ጭምር ክፉ ሰው አልቃሽ እንደሌለው ያውጃል። ታሪኩ የሚካሄድበት የኦዝ አገር ሕዝብ በጠንቋይዋ በኤልፋባ ሞት ይጨፍራል፤ የኤልፋባ የቀድሞ ወዳጅ ግሊንዳ በአረፋ ተቀምጣ ከላይ ወርዳ የደስታው መሪ ትሆናለች። ግን በጭፈራው መሃል የኤልፋባን መወለድ ታነሣለች፤ አረንጓዴ ሆና መወለዷን፣ አባቷም ገና በሕፃንነቷ መግፋቱን። እኛ ዘንድ በቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል፤ ግሊንዳም ያንኑ ታነባለች፣ አድማጮቿ ግን የክፋትን መነሻ የሰሙ ይመስላቸዋል። ለቅሶው በጭፈራው ውስጥ ሾልኮ ገባ ማለት ነው። (ኤልፋባ በእርግጥ አለመሞቷ ኋላ ይገለጣል፤ ግሊንዳ ይህን ስለማታውቅ ሐዘኗ አይቀልም።)

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ግሊንዳን ማን ከለከላት? ሥልጣኑ በእጇ ነው፣ ከቴአትሩ በተሠራው የእ.ኤ.አ. 2024 ፊልም ደግሞ የጠንቋይዋን ምስል በእሳት የምትለኩሰው እሷው ናት። ተባባሪ መሆኗ አይካድም። ነገር ግን ነፋጊ ሁልጊዜ በር ላይ የቆመ ዘበኛ አይደለም። ሕዝቡ የሚወዳት የጠንቋይዋ ተቃራኒ አድርጎ ስለሚያያት ነው፤ እንባዋ ቢታይ ያ ፍቅር ይጠፋል፣ ስለዚህ ክልከላውን በገዛ እጇ ትፈጽመዋለች። ከሕዝቡ መካከል አንዱ የኤልፋባ ጓደኛ ነበርሽ ወይ ብሎ ሲጠይቃትም አትክድም፤ ወዳጅነቱን ግን ወደ ትምህርት ቤት ትውውቅ ታሳንሰዋለች።