ሠርቶ ዝም ያለው ልጅ

ስሙኝማ፣ የጎጃም ልጆች፤ እናቶችና አባቶችም ጠጋ በሉ። ስለ አንድ ልጅ ላጫውታችሁ። ስሙን አልጠራም፤ ከብዙ ልጆች ታሪክ ተሰብስቦ አንድ የሆነ ልጅ ነውና። አገሩ ደብረ ኤልያስ ነው። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር፤ ኋላ አስኳላ ገባና፣ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረው ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ትምህርት ተመረቀ።

ይህ ልጅ ኪቦርድ ላይ ከተቀመጠ የማይፈታው ነገር አልነበረም። ሌሊት ዶርም ውስጥ የአንዱ ኮድ እምቢ ሲል እሱን ይቀሰቅሱታል። ይነሣል፣ ስክሪኑን ያያል፣ ስሕተቷን ያርማል፣ አንድ ቃል ሳይናገር ተመልሶ ይተኛል። ይህችን ዝምታ ልብ በሉልኝ።

አዲስ አበባ ካለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠሩት። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። ሉማሜንና ደጀንን አልፎ፣ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ በጎሐ ጽዮን ወጥቶ ደረሰ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ጠበቁት። «ከረጅም የስም ዝርዝር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፈውን የመጀመሪያ ስም የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፍልን» አሉት፤ በእንግሊዝኛ።

ሰሌዳው ፊት ቆመ። ዝም አለ። ጠያቂዎቹ ይጠብቃሉ፣ እሱ ዝም። «ምን እያሰብህ ነው?» አሉት። «እየሠራሁ ነው» አለ። ጻፈው፤ ልክ ነበር። «ይህን መንገድ ለምን መረጥህ?» ሲሉት «ስለሚሠራ» ብሎ አበቃ። ምክንያቱን ግን አሳምሮ ያውቀዋል። ለእያንዳንዱ ስም ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች መልሶ መላልሶ ማንበብ ዝርዝሩ ሲረዝም ፕሮግራሙን እንደሚያንቀራፍፈው፣ ስሞቹን አንዴ ቆጥሮ መዝግቦ በሁለተኛው ዙር ማውጣት እንደሚሻል ያውቃል። የሚያውቁትን ነገር ለታላላቅ ሰዎች ማስረዳት ድፍረት መስሎት ነው የተወው።

«በመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ ያንተ ድርሻ ምን ነበር?» አሉት። «ተባብረን ሠራን» አለ። ዳታቤዙን ከሥሩ ጀምሮ የገነባው እሱ ብቻውን ነበር። «ከጓደኞችህ ጋር በሐሳብ ተለያይታችሁ ታውቃላችሁ?» «ኧረ በፍጹም፣ በሰላም ነው የጨረስነው!» መረጃው እንዴት ይቀመጥ በሚለው ላይ ተከራክረው፣ ሁለቱንም መንገድ ሠርቶ በማሳየት ጓደኞቹን ያሳመናቸው እሱ ነበር። ጭቅጭቅ እንግዳ ፊት አይወራምና ደበቀው። «እናሳውቅሃለን» አሉት። አላሳወቁትም።

አትፍረዱበት። በእኛ አገር «እኔ፣ እኔ» የሚል ልጅ ጉረኛ ይባላል። ታላቅ ሲናገር መሬት መሬት ማየት የጨዋ ልጅ ወግ ነው። ያ ወግ ሰፈር ውስጥ ሲያስመርቀው ኖሮ እዚያ ክፍል ውስጥ አላዋቂ አስመሰለው። በእኔ እምነት ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። ከጎጃም ገጠር የመጣን ልጅ በእንግሊዝኛ ጠይቆ፣ ዝምታውን በባዶነት መተርጎም የጠያቂውም ጥፋት ነው።

ጥያቄዎቹ ግን ያለ ምክንያት የመጡ አይደሉም። ሶፍትዌር አንድ ሰው ጽፎት ብዙ ሰው የሚያነበው፣ የሚያርመው፣ የሚረከበው ሥራ ነው። ጎግል «ፕሮጀክት አሪስቶትል» ብሎ 180 የሥራ ቡድኖቹን ሲያጠና ያገኘው ይህንኑ ነበር። ቡድኑን ጎበዝ ያደረገው በውስጡ እነማን እንዳሉ ሳይሆን እርስ በርስ እንዴት እንደሚሠሩ ነው፤ ከሁሉም በላይ አባላቱ ሳይፈሩ መጠየቅና ተሳስቻለሁ ማለት መቻላቸው። በ2019 እ.ኤ.አ. የጎግል መሐንዲስ የነበረው ኤምሬ ቫሮል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመረው «አፍሪካ ቱ ሲሊከን ቫሊ» የተባለ ማሠልጠኛም ልጆቹን ኮድ አስፈትቶ አይተዋቸውም፤ በሙከራ ቃለ መጠይቅ እየፈቱ እንዲናገሩ ያለማምዳቸዋል። ዛሬ ከተማው ሁሉ «ሶፍት ስኪል» የሚለው ይህንን ነው።

ልጁ አገሩ ተመለሰ። ቅኔ ያስቆጠሩትን መምህሩን ሊሳለም ሄደ።

«ወደቅሁ፣ የኔታ።»

«መልሱ ጠፍቶህ ነው?»

«አልጠፋኝም። የሠራሁትን እያዩት እኔ ምን እጨምራለሁ ብዬ ነው። በዚያ ላይ ታላላቆቼ ናቸው።»

«እኔስ ታላቅህ አልነበርሁም? ጉባኤ ቃና ቆጥረህ መጥተህ ዝም ብትለኝ ምን አደርግህ ነበር?»

«ይመልሱኝ ነበር።»

«ቤት ሳይመታ ብትነግረኝስ?»

«ያርሙኝ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን አፍር ነበር፣ በኋላ ለመድሁት።»

«እንግዲህ እነዚያም አስነጋሪዎች ናቸው፣ ልጄ። ቅኔውን ብቻ አይደለም የሚሰሙት፤ ሲታረም ምን ዓይነት ሰው ይሆን ብለው አንተንም ይሰሙሃል።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። ቅኔ ቤት ሁለት ሥራ አለ፤ ቆጠራና ነገራ። ተማሪው ሲቆጥር ብቻውን ነው። ከጉባኤው ርቆ ሣር ላይ ይቀመጣል፣ ቃሉን ይመዝናል፣ ማንም አናቱ ላይ አይቆምም። ሲሞላለት ወደ መምህሩ ይመጣና ይናገራል፤ ይታረማል፣ ሂድ መልሰህ ቁጠር ይባላል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤቱ መወድስ እስኪደርስ ያሰበውን መናገርና መታረም የየዕለት ሥራው ነው። በደብረ ኤልያስና በዲማ ጊዮርጊስ እንዲህ ያደጉት ደራሲውና ዲፕሎማቱ ሐዲስ ዓለማየሁ ኋላ በዋሽንግተንና በለንደን ስለ አገራቸው ለመናገር አልተቸገሩም። ጎጃም አንደበት የቸገረው አገር አይደለም!

የዛሬው ቃለ መጠይቅ ግን ቆጠራውንና ነገራውን ደራርቦ በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ያውም በማያውቁት ሰው ዓይን ፊት። በ2020 እ.ኤ.አ. የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች 48 ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው ፈተኑ። ግማሾቹ ጠያቂ እያያቸው ሰሌዳ ላይ ሠሩ፣ ግማሾቹ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን። እየታዩ የሠሩት ውጤታቸው በግማሽ ያህል ወረደ። ቁጥራቸው ትንሽ ቢሆንም ሴቶቹን ልንገራችሁ፤ እየታዩ የተፈተኑት ሁሉም ወደቁ፣ ብቻቸውን የተፈተኑት ሁሉም አለፉ። ይህን ሳነብ የስንቱ ልጅ፣ የስንቷ ልጅ ድካም በዚያች ሰሌዳ ፊት እንደቀረ አሰብሁና አንጀቴ ተቃጠለ።

ልጁ የየኔታን ምክር ይዞ ልምምድ ጀመረ። ደብረ ማርቆስ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ጓደኛውን ጠያቂ ያደርገዋል። ወደ የኔታም ይሄድና ኮዱን ያስረዳቸዋል፤ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፣ ግን በየእርምጃው «ለምን?» ይሉታል። ከሁሉ የከበደው «እኔ» ማለት ነበር። «ዳታቤዙን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ገጾቹን የሠራችው ጓደኛዬ ናት» ብሎ ሲናገር ግን ጉራው የታለ? እንዲያውም «ሠራን» ሲል ተሸፍና የነበረችው ጓደኛውም ድርሻዋን አገኘች።

ሌላ ድርጅት ጠራው። «የደብረ ማርቆስ አውቶቡስ አንድ ወንበር ቀርቶታል፤ ሁለት ሰው በአንድ ቅጽበት በስልክ ቢቆርጠውስ?» አሉት። «ይህን ሠርቼው አላውቅም» አለ። «ሁለት ደቂቃ ላስብና ልንገራችሁ።» አሰበ። «ወንበሩ መኖሩን ማየትና መሸጥ አንድ የማይከፈል ሥራ መሆን አለበት፤ አንዱ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቅ» አላቸው። አንደኛው ጠያቂ «ለበዓል ሕዝቡ ሲግተለተል ሁሉም ቆሞ ሊቀር ነው» ብሎ ተቃወመው። «እውነትዎን ነው፣ እሱን አላሰብሁትም። በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ነው የሚገዛው?» ብሎ መልሶ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ፈተናነቱ ቀረና ሁሉም ሰሌዳው ፊት ቆመው ሲነጋገሩ ሰዓቱ አለቀ። ቀጠሩት።

ዛሬ እሱ ራሱ ጠያቂ ሆኗል። መጀመሪያ ያስለወጠው ነገር አንድ ነው፤ ተፈታኙ ጥያቄውንና ወረቀት ይዞ ሩብ ሰዓት ብቻውን ይቀመጣል፣ ከዚያ ገብቶ ይናገራል፤ በአማርኛ ቢሻው በአማርኛ። ባልደረቦቹ ጊዜ ይፈጃል ብለው ተከራከሩት፤ ሞክረን እንየው ብሎ አሳመናቸው። «ተባብረን ሠራን» የሚል ልጅ ሲመጣም ወደሚቀጥለው ጥያቄ አያልፍም። «ካንተ እጅ የወጣው የቱ ነው?» ብሎ ደግሞ ይጠይቀዋል። ብዙዎቹ የሚናገሩት በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው።