ከጠገራ ብር እስከ ስብርባሪ ክምር

ከአፋር የጨው ሜዳ የሚነሣው አሞሌ በግመልና በበቅሎ ደጋውን ወጥቶ ከሚራገፍባቸው ዐበይት ገበያዎች አንዷ የዋግ መዲና ሰቆጣ ነበረች። አሞሌ ለዕለት ግዢ ሲያገለግል፣ ለከፍተኛው ዋጋ የሚቆጠረው ጠገራ ብር ነበር። 1780 (እ.ኤ.አ.) የሚል የተቀረጸበት ይህ የማርያ ቴሬዛ ገንዘብ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። ነጋዴው በንግሥቲቱ የራስና የትከሻ ጌጥ ላይ ያሉት የዕንቁ ነጥቦች አለመፋቃቸውን አይቶ ይቀበል ነበር። ገንዘቡ ሁሉ አንድ ዓይነት በመሆኑ አንዱን መርምሮ ሺሁን ማመን ይቻል ነበር።

ይህ እምነት የፈረሰው በአንጥረኛው ከውር ውስጥ ነው። ጠገራው ቀልጦ መስቀል፣ አምባርና አልቦ ሆነ፤ ብየዳው ሌላ ቅይጥ ጨመረ። 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት የምኒልክ ብር 835 እጅ ነበረው። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲታወጅ የወጣው የብር ኀምሳ ሣንቲም በመጀመሪያ 800፣ በኋላ 700 እጅ ሆነ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ከረጢት ሲገናኙ፣ የአንዱ ጥራት ስለ ሌላው ምስክር ሊሆን አይችልም።

በምሳሌ እንመልከተው። ግማሽ ክብደቱ ጠገራ፣ ግማሹ 700 እጅ ሣንቲም የሆነ አንድ ኪሎ ክምር ቢኖር፣ በውስጡ ያለው ንጹሕ ብር ወደ 767 ግራም ነው። ገዢው አንዲት ሣንቲም ብቻ አንሥቶ ቢፈትሽ ሻጩ 67 ግራም ያጣል፤ ጠገራ ቢያነሣ ደግሞ ገዢው ያንኑ ያህል ይከስራል። ፈታኙ ምንም ቢራቀቅ፣ ናሙናው ያዳላበትን ሊያቃና አይችልም። የመፈተኛ ድንጋይም የሚናገረው ስለ ገጽታ ብቻ ነው፤ በአሲድ የታጠበ ጌጥ ደግሞ ከውስጡ ይልቅ ገጹ በብር የበለጸገ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ክምሩን በሙሉ መዝኖ ማቅለጥ፣ በሚገባ አማስሎም ገና ፈሳሽ ሳለ ናሙና መውሰድ ነው። ከረጋ በኋላ ብርና መዳብ እኩል ስለማይሰራጩ የጡቡ ጠርዝና መካከል ይለያያሉ፤ ከዚህ ነጻ የሆነው 72 በመቶ ገደማ ብር ያለው ቅይጥ ነው።

ዛሬ የከበሩ ማዕድናት ከአሮጌ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎችም ይለቀማሉ። ሰሌዳ እንዳለ አይቀልጥምና ይፈጫል፣ ይደባለቃል፣ በየአራት እየተከፈለ ይቀነሳል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ፒየር ዢ እንዳስተማረው፣ የፍርፋሪው መጠን በግማሽ ሲቀንስ፣ ለተመሳሳይ እርግጠኝነት የሚያስፈልገው ናሙና ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል።

የእናቷን አልቦ ይዛ ገበያ የወጣች ሴት ይህን ስሌት ማወቅ አይጠበቅባትም። የሙያው ግዴታ ግን ይታወቃል፦ ብሩ ባለቤቱ ባለበት ይመዘን፣ ይቅለጥ፤ ናሙናውም ለሻጭ፣ ለገዢና ክርክር ቢነሣ ለሦስተኛ ዳኛ ተከፍሎ ይታሸግ።