18 ወር የተባለው የማሊ ሽግግር መጨረሻው የት ገባ?

ወታደር ሥልጣን ይዞ «ለጊዜው ነው» ሲል ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ጊዜያዊ የተባለ መንግሥት ዕድሜውን እንዴት እንደሚያራዝም ማየት ለሚፈልግ ሰው ማሊ ጥሩ ማሳያ ናት። (ቀኖቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ኦገስት 18፣ 2020 ወታደሮች ፕሬዚዳንት ኢብራሂም ቡባካር ኬይታን ከሥልጣን አወረዱ። ሽግግሩ 18 ወር ብቻ ነው ተባለ፤ በኋላም ለምርጫው ፌብሩዋሪ 27፣ 2022 ተቆረጠለት። የሽግግሩ ፕሬዚዳንት ጡረተኛው መኮንን ባህ ንዳው ነበሩ። ዓመት ሳይሞላ፣ ሜይ 2021 ላይ፣ ምክትላቸው ኮሎኔል አሲሚ ጎይታ እሳቸውንም አስረው ወንበሩን ራሳቸው ያዙት።

ባለሥልጣናቱ ሽግግሩ እስከ 5 ዓመት ይሁን ሲሉ የምዕራብ አፍሪካ ሀገራት ማህበር ኢኮዋስ ጃንዋሪ 2022 ከባድ ማዕቀብ ጣለ። ድንበር ተዘጋ፣ ንግድ ቆመ። ማዕቀቡ የተነሳው ማሊ «ማርች 2024 ላይ እጨርሳለሁ» ካለች በኋላ ነው።

ሴፕቴምበር 2023 ላይ ግን ፌብሩዋሪ 2024 ሊደረግ የታሰበው ምርጫ «በቴክኒክ ምክንያት» ትንሽ ተገፋ ተባለ። አዲስ ቀን አልተነገረም። እዚህ ጋ ልብ በሉ፦ ማንም ወጥቶ «ሥልጣኔን አራዘምኩ» አላለም፤ ቀኑ ነው የጠፋው። ማርች 2024 እንዲሁ አለፈ። ፓርቲዎች «ምርጫው የታለ?» ብለው ሲጠይቁ ኤፕሪል ላይ እንቅስቃሴያቸው ታገደ። ሜይ ላይ ደግሞ ብዙ ፓርቲዎች ያልተገኙበት ብሔራዊ ምክክር ሽግግሩ ከ2 እስከ 5 ዓመት ይራዘም አለ። ያው «ሕዝቡ ጠየቀ» ለማለት ይመቻል።

(እኛም ጋ ደርግ ሙሉ ስሙ «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ» ነበር። ያ «ጊዜያዊ» 13 ዓመት ቆይቷል።)

በ2025 ነገሩ ለየለት። ሜይ መጀመሪያ ላይ ባማኮ ውስጥ ተቃዋሚዎች ሰልፍ ወጡ፤ ሜይ 13 ፓርቲዎች በሙሉ ፈረሱ። ጁላይ ላይ በሹመት የተሞላው የሽግግር ምክር ቤት ለጎይታ የ5 ዓመት ዘመን ሰጠ፤ እሱም ያለ ምርጫ፣ «አስፈላጊ በሆነ ቁጥር» የሚታደስ። 131 ድጋፍ፣ ተቃውሞ ዜሮ። የሽግግሩን መሪ ከምርጫ ውድድር ይከለክል የነበረው አንቀጽም ተነሳ።

የመንግሥት መልስ «መጀመሪያ ፀጥታ» ነው። ባዶ ሰበብ ነው ማለት አይቻልም። ከአልቃይዳ ጋር የተሳሰረው ታጣቂ ቡድን ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ የነዳጅ ቦቴዎችን እያቃጠለ ባማኮን ነዳጅ አስርቧል። ችግሩ፣ ሀገሩ ተረጋግቷል ብሎ የሚወስነው ራሱ ሥልጣን ላይ ያለው ሰው መሆኑ ነው። ደግሞ ይኼው ሠራዊት ሥልጣን ሲይዝ ፀጥታ አስከብራለሁ ብሎ ነበር።

የውጭ ግፊቱስ? ማሊ ከቡርኪና ፋሶና ከኒጀር ጋር ሆና ጃንዋሪ 2025 ከኢኮዋስ ወጥታለች፤ የ2022ቱ ዓይነት ማዕቀብ ያን ያህል አያስፈራም። ቡርኪና ፋሶም ብትሆን ሜይ 2024 ላይ ሽግግሩን በ5 ዓመት አራዝማለች።

አሁን ባለው ሕግ የጎይታ ዘመን እስከ 2030 ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላም ምርጫ ግዴታ አይደለም።