ሪምና አኮፋዳ

ልጅ ሆኜ በጋይንት በኩል ባለው መንደራችን ማለዳ ውሻችን ሲጮህ ማን እንደመጣ ሳይነገረኝ አውቅ ነበር። ደበሎ የለበሰ፣ አኮፋዳ ያነገተ፣ ዱላ የጨበጠ ተማሪ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። እናቴ ውሻውን ትገሥጽና «ተሜ፣ ግባ፣ ይዤልሃለሁ» እያለች ቁራሽ ይዛ ትወጣለች። አንድ ነሐሴ ግን ጎተራችን ተሟጦ ነበርና «ዛሬ እግዜር ይስጥህ በለው» ብላ እኔን ላከችኝ። አልኩት። ተማሪው ቅር ሳይለው ወደሚቀጥለው ደጅ አለፈ። ያን ቀን በልቶ ይሆን? ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ጥያቄ ነው።

የደቡብ ጎንደር ደጋ ለቤተ ክህነት ትምህርት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ አንባቢ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ድጓ የሚያስመሰክር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚያስመሰክር ወደ ዙር አባ፣ አቋቋም የሚሻ ወደ ደብረ ታቦር ይጓዛል። ተማሪው ለመምህሩ ገንዘብ አይከፍልም፤ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል። ሆዱን ግን ራሱ ይችላል። ያም ማለት ገበሬው ይችልለታል፣ በቁራሽና በቆሎ።

ደብሩስ በምን ይኖር ነበር? በመሬት ነዋ! በጎንደር ዘመን ነገሥታቱና መኳንንቱ ቤተ ክርስቲያን ሲተክሉ ጉልት ይሰጡ ነበር። ከዚያም ላይ ለአገልግሎቱ የሚመደበው ድርሻ ሪም ይባላል። እቴጌ ምንትዋብ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ሲያሠሩ ያደረጉት ይህንኑ ነው። የሪም ነገር የሚያስደንቀው አሠራሩ ነው። ባለ ሪሙ ድርሻውን ሊሸጥ፣ ሊያወርስ ይችላል፤ ግዴታው ግን ከመሬቱ አይነቀልም። ገዢው ሴት ወይዘሮ ብትሆን እንኳ መቀደስና መዘመር የሚችል ሰው በቦታዋ ታቆማለች። ሴቶች በእርግጥም ሪም ይገዙና ይይዙ እንደነበር በብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የሰፈሩት የሽያጭ ውሎች ይመሰክራሉ። ሰጪው ሞቶ፣ ተቀባዩም ሞቶ፣ ስጦታው ግን ሥራውን ይቀጥላል። ገበሬ ዘሩን እንደማይበላው ሁሉ ዋናው አይነካም፤ የሚበላው ፍሬው ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ። ሪሙ ለአገልጋዩ ነበር እንጂ ለተማሪው አልነበረም። ተማሪው የቀረለት አኮፋዳው ነው። ይህን ጉድለት ያስተዋልሁት ስለ ካይሮው አል-አዝሃር ሳነብ ነው። እዚያ ከየአገሩ የሚመጡ ተማሪዎች ሪዋቅ በሚባል ማደሪያ ማደሪያ ተከፋፍለው ይኖሩ ነበር። ሪዋቆቹ በወቅፍ፣ ማለትም ለዘለዓለም በተሰጠ ንብረት ገቢ ይደገፉ ስለነበር ለተማሪው የዳቦ ድርሻ ይደርሰው ነበር። ከኛ አገር ለሚሄዱ ሙስሊም ተማሪዎችም የጀበርት ሪዋቅ የሚባል ነበራቸው። የ18ኛው መቶ ዓመት ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ አብዱራህማን አል-ጀበርቲ የወጣው የዚያ ሪዋቅ አለቆች ከነበሩት ቤተሰብ ነው። የኛው ሰው በባዕድ አገር በቋሚ ስጦታ ሲማር በገዛ አገሩ ግን ተማሪ ከውሻ ጋር ይታገል ነበር ማለት ነው።

ሪሙንም ቢሆን ያለ እንከን አድርጌ ላሳየው አልፈልግም። በጀርባው የተሸከመው አራሹ ነው። ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ያደረጉት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ከካህናቱ ጋር የተጣሉት በዚሁ መሬት ነው። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ወታደር ይቀልብ አሉ። ካህናቱ አልወደዱትም፤ ንጉሡም ከዚያ በኋላ ወዳጅ አጡ። በዚያው በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ደግሞ የፈረንጅ ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር፤ ሴባስቶፖል በ1859 ዓ.ም. የተቀለጠችው እዚያ ነው። የጋፋት ሙያ ግን በንጉሡ ቆሞ ከንጉሡ ጋር ወደቀ። ቋሚ ሀብት አልነበረውማ!

ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለባበጠ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። መንግሥት ያስተማራቸው እነዚያው ተማሪዎች በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ልክ ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ፤ የቤተ ክርስቲያኑም አብሮ ሄደ። አራሹ ነፃ ወጣ። በሪሙ ምትክ ለትምህርት የተተከለ ሌላ ዘር ግን አልነበረም። መንግሥት ራሱ ሁሉንም ይመግባል ተባለ።

እኔም የተማርኩት በዚያ ማዕድ ነው፤ ስለዚህ አላማውም። ሆኖም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት የሚባለው መጣ። ተማሪው የምግቡንና የማደሪያውን፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እንዲከፍል ሆነ። በ2004 ዓ.ም. ደብረ ታቦር የራሷን ዩኒቨርሲቲ አገኘች። የገበሬ ልጅ እንግዲህ በሩ ላይ ደርሷል። የሚያሰናክለው ግን ከዚያ የሚያንስ ነገር ነው፦ መሳፈሪያ፣ ብርድ ልብስ (የጉና ነፋስ ቀልድ አያውቅም)፣ ሳሙና፣ የፎቶኮፒ ዋጋ፣ ለሴቶቹ ደግሞ የወር አበባ መጠበቂያ። ይህን ማንም በጀት አልያዘለትም።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ባለው የአገር ልጆች ማኅበራችን ይህን ሁሉ አንሥቼ ተናገርሁ። በየመስከረሙ እያዋጣን በየመስከረሙ ከምንጨርስ አንድ ቋሚ ነገር እንትከል አልኩ። ሕጉም አይከለክልም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ንብረቱን ለትርፍ ላልሆነ የጋራ ጥቅም ለዘለቄታው ሊመድብ እንደሚችል ደንግጓል። ገንዘብ ያዣችን ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ አዳምጠውኝ ሲያበቁ «ልጄ፣ ብር ባንክ ሲተኛ በረዶ ነው፣ ይቀልጣል» አሉ። እውነታቸውን ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ከመቶ ብር አልፏል። መሬት ደግሞ ዛሬ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የጥንቱ ሰጪ እጁ ላይ የነበረው ዘር እኛ እጅ የለም።

አንድ ሌላ ሰው በደብሮቹና በመስጊዶቹ ዙሪያ የሚከራዩትን ሱቆች አነሣ። እኛም ደብረ ታቦር ላይ የሚከራዩ ሁለት ክፍሎች ብንሠራ ኪራዩ ከዋጋው ጋር አብሮ ይወጣል፣ ዋናውም አይቀልጥም አለ። «ተከራዮቹ እኮ ያው ተማሪዎቹ ይሆናሉ!» ሲል አንዱ ቀለደና ሳቅን። ቀልዱ ግን ሰውን ቆንጠጥ አድርጎ ነበር። ሱቅ ይሁን፣ ለመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ይከራይ፣ በማን ስም ይመዝገብ፣ እኛ ስናልፍ ማን ይቆጣጠረው፣ አስተዳዳሪው ቢበላውስ? እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ተከራከርን። ሦስት ሰዎች ደንብ እንዲያረቁ ተመረጡ፤ እኔም አንዱ ነኝ። የሪሙን ነገር፣ ግዴታው ከንብረቱ የማይነቀልበትን ብልሃት፣ በረቂቁ ውስጥ ለማስገባት እየሞከርሁ ነው። እስከዚያው ለዚያ ዓመት ለሦስት ልጆች የመሳፈሪያና የብርድ ልብስ አዋጥተን ተለያየን።